ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በማሕፀን የሚለያዩበት መንገድ



ከጥቂት ጊዜ በፊት በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር፣ የኒም ዛፍ ባጠላበት በአንድ ግቢ ውስጥ ለክርስትና ድግስ ተጠርተን ነበር። ሕፃኒቱ ሰማንያ ቀን ስለ ሞላት በዚያን ዕለት ጠዋት ተጠምቃና ቈርባ፣ ማዕተቧም ታስሮላት ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ለእናትና ለአባቷ ሦስተኛ ልጅ ናት፤ ሁለቱ ታላላቅ እኅቶቿም በነጫጭ ቀሚስ አጊጠው በእንግዳው መካከል ይሯሯጡ ነበር። ማዕዱ ተባርኮ ሰው ሁሉ በደስታ ሲጫወት ሳለ፣ የሕፃኒቱ አባት እናት፣ በዕድሜያቸውም በደግነታቸውም የምናከብራቸው እመቤት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገር ግን የዚህች የምራቴ ማሕፀን ከሴት በቀር አላውቅም ብሏል፤ ልጄን ያለ ወንድ ልጅ ልታስቀርብኝ ነው» ብለው ተናገሩ። ነገሩ የቀልድ መልክ ነበረው፤ የሳቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። እናቲቱ ሕፃኗን እንደ ታቀፈች አንገቷን ደፋች። ባሏም የሚናገረውን አጥቶ ወደ መሬት ተመለከተ። እኛም ከሌላው እንግዳ ጋር አብረን ዝም አልን፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ዝምታችን አሳፈረን። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ልንሰጠው ወሰንን።

ይህ ወቀሳ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ሴቶች ልጆች ብቻ ወለደች ተብላ ከትዳሯ የተለየች፣ ወይም ባሏ ወንድ ልጅ ፍለጋ ከሌላ የወለደባት እናት በየሰፈሩ አትታጣም። «ወንድ የሚያስወልድ መድኃኒት» እያለ ሥርና ቅጠል ጨምቆ ለነፍሰ ጡር የሚሸጥም አለ። ከከተማችን ብዙ ወደማይርቀው ወደ ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 ቀንና በሐምሌ 19 ቀን ከሚጎርፈው ምእመን መካከልም ልጅ ለመለመን፣ ወይም ስለ ተሰጠው ልጅ ስለቱን ለማግባት የሚሄደው ብዙ ነው። ልጅ መለመን መልካም ነው፤ ያልተሰጠውን በሚስት ላይ ማላከክ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ወንድና ሴት በማሕፀን ውስጥ እንዴት እንደሚለያዩ ሊቃውንት የደረሱበትን በጨዋ ቃልና በተቻለ መጠን በግልጽ እንጽፋለን። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው ነገሩ ማንም የማይወቀስበት መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የሚታየው የገላ ክፍል ስለ ውስጡ ሁሉን እንደማይናገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ፅንሰት እንናገር። በሰውነታችን ውስጥ የዘርን ትእዛዝ የሚሸከሙ ክሮሞዞም የሚባሉ እጅግ ረቂቃን ክሮች አሉ፤ ቁጥራቸውም 46 ሲሆን ሁለት ሁለት ሆነው 23 ጥንድ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ጥንድ ወንድነትንና ሴትነትን የሚለይ ነው። ሴት ሁለት «ኤክስ» የተባሉ ክሮሞዞሞች ሲኖሯት፣ ወንድ ግን አንድ «ኤክስ»ና አንድ «ዋይ» አለው። ይህን ልዩነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በጢንዚዛ ላይ በአደረገችው ምርመራ ገልጣ አሳየች። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ «ኤክስ» ብቻ ይዛ ትጠብቃለች፤ ሌላ የምትሰጠው የላትም። የአባት ዘር ግን ከሁለት ዓይነት ነው፤ እኩሌታው ገደማ «ኤክስ» ይይዛል፣ እኩሌታው ደግሞ «ዋይ» ይይዛል። «ኤክስ» የያዘው ቀድሞ እንቁላሏን ቢያገኝ ሴት፣ «ዋይ» የያዘው ቀድሞ ቢያገኛት ወንድ ይፀነሳል። እንግዲህ «የምራቴ ማሕፀን ከሴት በቀር አላውቅም አለ» ማለት ከእውነት የራቀ ነው፤ ማሕፀን የተሰጠውን ተቀብሎ ያሳድጋል እንጂ አይመርጥም።

ይህን ስንል ወቀሳውን ከሚስት አንሥተን በባል ላይ ለመጫን አይደለም። ባልም የትኛው ዘር እንደሚቀድም አያዝም። ደግሞም በፊት የተወለዱት ልጆች ለኋላኛው አይወስኑም፤ ሦስት ሴቶች የወለዱ ባልና ሚስት አራተኛውን ሲፀንሱ ወንድ የመሆኑ ዕድል እንደ መጀመሪያው ጊዜ እኩሌታ ያህል ነው። «ወንድ የሚያስወልድ» የተባለው ቅጠልም ምንም ሊለውጥ አይችልም፤ እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ነገሩ አስቀድሞ አልቋልና። በመጠጣቷ ግን እርሷም ፅንሱም ሊመረዙ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፅንሱ ገና ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን ትእዛዝ ቢኖረውም፣ ትእዛዙ ወዲያው አይፈጸምም። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ የወንዱም የሴቷም ገላ አንድ ዓይነት ነው። በዚያን ጊዜ ፅንሱ በቁመቱ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ ልቡ ግን ይመታል። በሆዱ ውስጥ በጀርባው በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ገና ቆለጥም የእንቁላል ዕጢም ያልሆኑ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። ወደፊት ዘር የሚሆኑትም ሕዋሳት ከሌላ ስፍራ ተነሥተው ወደ እነዚህ ጉብታዎች ተጉዘው ይሰፍራሉ። ከጉብታዎቹም አጠገብ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ታች ይወርዳሉ። አንደኛው ቧንቧ በ18ኛው መቶ ዓመት በመረመረው በጀርመናዊው ሊቅ በካስፓር ቮልፍ ስም «የቮልፍ ቧንቧ» ይባላል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. በገለጠው በዮሐንስ ሙለር ስም «የሙለር ቧንቧ» ይባላል። የመጀመሪያው ለወንድ፣ ሁለተኛው ለሴት የሚያገለግል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፅንስ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ደርሶባት የተቆረቆረች ስለሆነች፣ የድሬዳዋ ሰው ይህን ነገር በሐዲድ ምሳሌ ቢመለከተው ይቀለዋል። ሁለት ሐዲዶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል እንበል። ባቡሩ የሚሄደው በአንደኛው ብቻ ነው። መለያያው ላይ የቆመው ሠራተኛ ብረቱን ወደ አንዱ ካዞረው በኋላ ሁለተኛው ሐዲድ ይነቀላል። በፅንሱም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል።

ፅንሱ ወንድ እንደ ሆነ ከስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ በ«ዋይ» ክሮሞዞም ላይ ያለች አንዲት አጭር ትእዛዝ ትነቃለች። ይህችን ትእዛዝ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. አግኝተው «ኤስ አር ዋይ» ብለዋታል። በእርሷ ምክንያት ያ ጉብታ ቆለጥ ወደ መሆን ይመለሳል። ቆለጡም ገና በሆድ ውስጥ ሳለ ሁለት መልእክተኞችን ይልካል። አንደኛው መልእክተኛ የሴቷን መንገድ፣ ማለት የሙለርን ቧንቧ፣ እንዲጠፋ የሚያደርግ ሆርሞን ነው፤ ቧንቧውም ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሟሟል። ሁለተኛው መልእክተኛ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ የቮልፍን ቧንቧ ጠብቆ ዘር የሚከማችበትንና የሚተላለፍበትን ቱቦ ያሳድጋል። ቆለጡም በኋላ ወደ ታች እየወረደ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው ወር በኋላ፣ በከረጢቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ፅንሱ ሴት እንደ ሆነች ያ ጉብታ የእንቁላል ዕጢ ይሆናል። የሙለርን ቧንቧ የሚያጠፋ መልእክተኛ ስለሌለ ሁለቱ የሙለር ቧንቧዎች ያድጋሉ፤ ላይኛው ክፍላቸው በግራና በቀኝ የማሕፀን ቱቦዎች ሲሆን፣ ታችኛው ክፍላቸው ከመካከል ተገናኝቶ አንድ ይሆንና ማሕፀንን፣ የማሕፀንንም አንገት፣ የመውለጃውንም መንገድ ላይኛውን ክፍል ያወጣል። ሁለቱ ቧንቧዎች በተገናኙበት ቦታ መጀመሪያ ግድግዳ ይኖራል፤ እርሱም በኋላ ቀልጦ ይጠፋና ማሕፀኑ አንድ ክፍል ይሆናል። እንግዲህ ማሕፀን ከሁለት ወገን መጥቶ አንድ የሆነ ቤት ነው ማለት ነው። የቮልፍ ቧንቧ ግን በሴቷ ዘንድ ይደርቃል፤ ነገር ግን ውኃው ባለፈ ጊዜ የደቻቱ አሸዋ የወንዙን መንገድ እንደሚያሳይ፣ እርሱም በብዙ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ትንሽ ምልክት ትቶ ያልፋል። በወንዱም ሰውነት ውስጥ የሙለር ቧንቧ ትንሽ ምልክት አይጠፋም። እያንዳንዳችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደ ነበርን የሚያስታውስ ነገር በገላችን ውስጥ ይዘን እንኖራለን።

ስድስተኛው ሳምንት ወደ 42ኛው ቀን ገደማ የሚያልቅ ስለሆነ፣ አንዳንድ አንባቢ የወንድን አርባ ቀንና የሴትን ሰማንያ ቀን ያስታውስ ይሆናል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር የሚጀምረው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው፤ አባቶቻችንም አዳም በ40 ቀን ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ከሚናገረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር አያይዘው ያስተምሩታል። የሐኪሞች ቁጥር ግን ከፅንሰት ይጀምራል። እያንዳንዱን በየቦታው ማክበር ይሻላል።

ይህ ሁሉ በሆድ ውስጥ ተሰውሮ ሳለ ሊቃውንቱ እንዴት ደረሱበት? የሚል ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው ፍንጭ ከከብት በረት የመጣ ነው። ከወይፈን ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ብዙውን ጊዜ መካን እንደምትሆን ከብት አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ፍራንክ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የሁለቱ መንታ ጥጆች ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚገናኝ ከወይፈኑ የሚወጣው ነገር ወደ እኅቱ ተሻግሮ የሴትነት ብልቷ እንዳያድግ ያደርጋል አለ። በዚህ ወንድና ሴት መንታ የወለደች እናት እንዳትደነግጥ እንለምናለን፤ በሰው ዘንድ የወንድና የሴት መንታዎች ደም እንደዚያ ስለማይገናኝ ሴቷ እንደ ማንኛዋም እኅቷ ትወልዳለች።

ዋናውን ምስጢር የገለጠው ግን ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በታተመው ሥራው፣ በጥንቸል ማሕፀን ውስጥ ካሉ ፅንሶች ቧንቧዎቹ ገና ሳይለዩ የዘር ዕጢዎቹን በቀዶ ጥገና አውጥቶ እንደ ነበረ አስረዳ። ወንድ ሊሆኑ ይገባቸው የነበሩት ፅንሶች ሁሉ የሴት ቧንቧ ይዘው አደጉ። ቴስቶስቴሮን በሰጣቸው ጊዜ የወንዱ ቧንቧ ዳነ፤ የሴቷ ቧንቧ ግን አልጠፋም። ከዚህ የተነሣ ቆለጥ የሚልከው መልእክተኛ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ተረዳ።

ከዦስት በኋላ ለብዙ ዓመታት «ሴት ማለት ምንም ትእዛዝ ያልደረሳት ፅንስ ናት» ተብሎ ይነገር ነበር። ይህም አነጋገር ሴትን ጎደሎ የሚያደርግ ይመስላል። ኋላ ግን የእንቁላል ዕጢም የራሷ ትእዛዞች እንዳሏት ታወቀ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአይጥ ላይ በተደረገ ምርመራ፣ የሴቷ ፅንስ የወንዱን ቧንቧ ራሷ ሠርታ የምታፈርሰው እንጂ በራሱ የሚጠፋ አለመሆኑ ተገለጠ። እንግዲህ ሴትም እንደ ወንድ በሥራ የምትገነባ ናት፤ የወንድ ጉድለት አይደለችም።

ከውጭ የሚታየው ኀፍረተ ሥጋም እንዲሁ በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ቡቃያ ነው። ከሁለተኛው ወር በኋላ በወንዱ ዘንድ በቴስቶስቴሮን ኀይል ወደ አንድ መልክ፣ በሴቷም ዘንድ ወደ ሌላ መልክ ያድጋል፤ በ12ኛው ሳምንት ገደማም ይለያል። በአልትራሳውንድ ግን በደንብ የሚታየው እርግዝናው አምስተኛ ወር ሲደርስ ነው። የሴት ልጅ ገላ ካልተገረዘ ከልክ በላይ ያድጋል የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ያ ክፍል በማሕፀን ውስጥ መልኩን ይዞ የጨረሰ፣ ነርቭና ደም የሞላበት የገላ ብልት እንጂ ትርፍ አይደለም። በመቁረጥ የሚገኘው ደም መፍሰስ፣ ሕመምና በወሊድ ጊዜ መከራ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 እና 566 ከልክሎታል።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ አንድ እርምጃ ሊቀርበት መቻሉ አያስደንቅም። ቤተ ሰብ በጊዜው ቢያውቅ ሊረዳባቸው የሚችለውን ነገር ቀጥለን እናስታውሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ወንዶች ልጆች። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተወለዱ 100 ወንድ ሕፃናት መካከል የሦስት ያህሉ አንደኛው ወይም ሁለቱም ቆለጥ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ይቀራል። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሳቸው ይወርዳሉ። እስከ ስድስተኛው ወር ካልወረደ ግን ልጁን ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ሕክምናውም አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቢደረግለት ይመረጣል። በሆድ ውስጥ የቀረ ቆለጥ ለዘር በማይስማማ ሙቀት ውስጥ ስለሚኖር ኋላ ለመካንነትና ለካንሰር ያጋልጣል። «ሲያድግ ይወርድለታል» እያሉ እስከ ጋብቻው ማቆየት ልጁን መበደል ነው።

ሁለተኛው ነገር በስምንተኛው ቀን ከሚደረገው ግዝረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የኛ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንድ ሕፃናት መካከል በአንዱ የሽንት ቀዳዳው በጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በኩል ይገኛል፤ ቧንቧው በማሕፀን ውስጥ ሳለ እስከ ጫፉ አልተዘጋምና። እንዲህ ያለው ልጅ ከሐኪም ምርመራ በፊት አይገረዝ! ሐኪሙ ቀዳዳውን በሚያስተካክልበት ጊዜ ያንኑ ሸለፈት እንደ እራፊ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተቆርጦ ከተጣለ ግን ሥራው ይከብዳል። ስለዚህ ሕፃኑን የምታጥብ እናት ወይም አያት ገዢው ከመጠራቱ በፊት ሽንቱ ከየት እንደሚወጣ አንድ ጊዜ ትመልከት።

ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ ጥቂት እንጨምር። አንዲት ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት ልማደ አንስት ካላየች፣ እናቷ ሳትቆጣትና ሳታሳፍራት ወደ ሐኪም ትውሰዳት። አንዳንዷ በየወሩ ሆዷን እያመማት ደም ግን አይታያትም፤ የመውለጃው መንገድ በቀጭን ግድግዳ ስለ ተዘጋ ደሙ ከውስጥ እየተጠራቀመ ሆዷ ይነፋል። ከዚህ የተነሣ «አረገዘች» ተብላ የምትገረፍ፣ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ብትኖር ምንኛ ያሳዝናል! ግድግዳው ቀጭን ሲሆን በአነስተኛ ቀዶ ጥገና ይከፈትና ችግሩ ይወገዳል።

ከ5,000 ሴቶች መካከል አንዷ ያህል ደግሞ የሙለር ቧንቧዎቿ ሳያድጉ ስለ ቀሩ ያለ ማሕፀን ትወለዳለች። ከውጭ ሲያዩአት ምንም አይጎድላትም፤ ጡቷ ያድጋል፣ የእንቁላል ዕጢዎቿም ደኅና ናቸው። ሁሉ ነገር የሚታወቀው ልማደ አንስት ሲቀር ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ ሙሉ ሴት ናት፤ በሐኪም ርዳታ ትዳር ልትይዝ ትችላለች፤ መውለድ ባይሆንላትም አገራችን ከጥንት በምታውቀው በጉዲፈቻ ልጅ ልታሳድግ ትችላለች። ነገር ግን ሳታውቅ ተድራ በኋላ «መካን» ተብላ ከምትባረር፣ አስቀድማ እውነቱን ብታውቅ ለእርሷም ለሚያጫትም ይበጃል። ማሕፀኗን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ሳይቀልጥ የቀረባት ሴትም አለች፤ እርሷም በተደጋጋሚ ፅንስ ሊወርድባት ይችላል። ያንን ግድግዳ ዛሬ ሐኪሞች ሊያነሡት ይችላሉ። እንግዲህ ደጋግሞ የሚያስወርዳት እናት ከጸሎቷ ጋር ምርመራም ታድርግ።

በመጨረሻም ሕፃን ሲወለድ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ከውጭ በግልጽ የማይታይበት ጊዜ አለ። ይህ እርግማን አይደለም፤ መልእክተኞቹ ሆርሞኖች አንሰው ወይም በዝተው የተፈጠረ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰብ ሁለት ስሕተት እንዳይሠራ እንመክራለን። አንደኛው በግምት ቸኩሎ «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» ብሎ ማወጅ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ሕፃኑን መደበቅ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ ማሕፀንና የእንቁላል ዕጢ ያላቸው ሴቶች ሆነው፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ በሚያመነጨው ሆርሞን ብዛት ብቻ ወንድ መስለው የሚታዩ ናቸው። የዚህም ሕመም አስጊው መልክ በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን ጨው ያሟጥጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ማስመለስ፣ ጡት መተውና መድከም ከታየ ሞት ቅርብ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀትማ ፈሳሽ ያጣ ሕፃን ቀን አይሰጥም። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ ምልክቱ እስኪታይ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወደሚገኘው ሆስፒታል መውሰድ ይገባል፤ እዚያ የማይፈጸም ነገር ቢኖር ሐኪሞቹ ወደ ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሊመሩ ይችላሉ። ስለ ክርስትናው ቀንና ስለ ስሙም የንስሐ አባትን በምስጢር ማማከር ይቻላል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደዚያ የከዚራ ግቢ ተመልሰን ቡና ጠጣን። አያትየዋንም፣ «እማማ፣ ስለ ምራትዎ የተናገሩትን ነገር ጠይቀን ነበር» ብለን፣ እንቁላሏ «ኤክስ» ብቻ እንደምትይዝ፣ ወንድነትን የሚሰጠው የአባት ዘር እንደሆነ በትሕትና ገለጽንላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «እንግዲያስ ልጆቼ፣ እኔ አራት ወንድ ወለደች እየተባልሁ ዕድሜዬን ሙሉ የተመሰገንሁት በባሌ ስጦታ ነው ማለት ነዋ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን ምራትየዋም አብራ ሳቀች።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርንላቸው። ሴት ልጅ ወደፊት በዘመኗ ሁሉ የሚኖሯት እንቁላሎች ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ተዘጋጅተው ያልቃሉ፤ በአምስተኛው ወር ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ይደርሱና ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ያህል ይቀራሉ። ይህችን ምራት ያስገኘችውን እንቁላል የሴት አያቷ፣ እናቷን በማሕፀን ተሸክመው ሳሉ፣ አብረው ተሸክመዋታል። ይህችም የሰማንያ ቀን ሕፃን፣ ወንድ አይደለችም ተብሎ ያዘኑባት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የምትወልዳቸው ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ከሚገኙባቸው እንቁላሎች ጋር በዚያ ጉልበት ላይ ተኝታለች።

እማማም እጃቸውን ዘርግተው፣ «እስቲ አምጭልኝ» አሉ። ምራትየዋ ሕፃኗን ሰጠቻቸው። እርሳቸውም በነጠላቸው ሸፍነው ታቀፏት።